ጣና ዳር ላይ የመሬት መንቀጥቀጥን በፋይበር ገመድ ማድመጥ፦ ከቦይ ቁፋሮ እስከ መጀመሪያው ምዝገባ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ሰዉን ሁሉ ስለ መመዝገቢያ መሣሪያ እንዲጠይቅ አድርጎታል። ባሕር ዳር ከዚያ በቀጥታ መስመር 400 ኪ.ሜ ያህል ትርቃለች። የጣና ዙሪያ እንደ ስምጥ ሸለቆው በየጊዜው የሚናወጥ ባይሆንም፣ ሐይቁ ያረፈው በጥንት ስንጥቆች መገናኛ ላይ ነው፤ ደቡባዊ ዳርቻውም በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። እዚህ የሚተከል መሣሪያ የሩቁንም የቅርቡንም ለመስማት ይጠቅማል።

እዚህ የምናሳየው በፋይበር ገመድ የሚሠራውን፣ በሙያው ቋንቋ ዲኤኤስ የሚባለውን ዘዴ ነው። ኢንተሮጌተር የሚባል ሳጥን በ1550 ናኖሜትር የሌዘር ብርሃን በአጭር ምት ወደ ተራ ነጠላ ሞድ ፋይበር ይልካል። በመስታወቱ ውስጥ ካሉ እጅግ ጥቃቅን ጉድለቶች ጥቂት ብርሃን ተበትኖ ወደ ኋላ ይመለሳል። መሬቱ ገመዱን ሲለጥጠው ወይም ሲጨምቀው የተመለሰው ብርሃን ፌዝ፣ ማለትም ሞገዱ በዙሩ ላይ ያለበት ደረጃ፣ ይለወጣል። በ10 ሜትር የመለኪያ ርዝመት (ለአንድ ንባብ የሚለካው የፋይበር ቁራጭ) የ1 ራዲያን ለውጥ 11 ናኖስትሬን (በቢሊዮን 11 እጅ መለጠጥ) ያህል ነው። ይህም 10 ሜትር ፋይበር በአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺኛ ያህል ብቻ ረዘመ ማለት ነው።

ሳጥኑን ገዝቶ መሰካት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ውጤቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ግን ሳጥኑ ውስጥ የሉም፤ አንዱ ገመዱ መሬቱን እንዴት እንደጨበጠ፣ ሌላው እያንዳንዱ ቻናል (በፋይበሩ ላይ ያለ አንድ የንባብ ነጥብ) ምድር ላይ የት እንደሚገኝ ማወቅ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

መስመሩን መምረጥ

ፋይበር የሚሰማው በርዝመቱ አቅጣጫ የሚመጣን መለጠጥ ብቻ ነው። ፒ ሞገድ (ቀድሞ የሚደርሰው፣ የሚገፋና የሚስብ ሞገድ) በገመዱ ትይዩ ሲመጣ ሙሉ በሙሉ ይሰማል፣ በ45 ዲግሪ ሲመጣ ግማሹን፣ በ90 ዲግሪ ሲያቋርጠው ግን ምንም አይሰማም። በሐይቁ ዳርቻ ብቻ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ገመድ እንግዲህ በአንድ አቅጣጫ ደንቆሮ ነው። መስመሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ መታጠፍ አለበት። ለምሳሌ ወደ ዘጌ በሚወስደው አቅጣጫ 7 ኪ.ሜ፣ ከዚያ ሐይቁን ወደ ኋላ ትቶ 4.4 ኪ.ሜ ወደ መሀል አገር፣ በድምሩ 11.4 ኪ.ሜ። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ሁሉ በዚህ ርዝመት ላይ የተሰሉ ናቸው።

አዲስ ቦይ ከመቆፈር በፊት ቀድሞ የተቀበረ የቴሌኮም ገመድ ውስጥ አገልግሎት ላይ ያልዋለ ኮር (በገመዱ ውስጥ ያለ አንድ የፋይበር ክር) መኖሩን ይጠይቁ። በአይስላንድ ሬይክያኔስ ልሳነ ምድር ላይ በ15 ኪ.ሜ የቴሌኮም ገመድ የተሠራው ጥናት መንገዱን አሳይቷል። የሚጠይቁት ኮር ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ መሆን አለበት፤ ኢንተሮጌተር ትራፊክ ከሚያልፍበት ኮር ጋር በፍጹም አይገናኝም። በምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ከሆነ ይተዉት። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ የሚመዘግቡትም ነፋሱን ይሆናል።

በራስዎ የሚቆፍሩ ከሆነ ሁለት ነገር ያስታውሱ። የጣና ሐይቅ ዙሪያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ደን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ከአካባቢው አስተዳደር ሌላ የቤተ ክርስቲያኑን ፈቃድ አስቀድመው ይያዙ። ሁለተኛው የውኃው ከፍታ ነው። ሐይቁ በክረምቱ ማብቂያ ሞልቶ ዳርቻውን ያለብሳል፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሸሻል። በበጋ ደረቅ መስሎ የታየዎት ቦታ ላይ ማንሆል ቢሠሩ መስከረም ላይ ውኃ ውስጥ ያገኙታል።

ገመድና ዕቃ

ለ11.4 ኪ.ሜ መስመር 5 በመቶ መጠባበቂያ ጨምረው 12 ኪ.ሜ ገመድ፣ ማለትም 4 ኪ.ሜ የሚይዙ 3 ድራም ይግዙ። 12 ኮር ያለው፣ ጂ.652ዲ የሚባለው የተለመደ ነጠላ ሞድ ፋይበር፣ ጄል የተሞላ ቱቦ ያለው መደበኛ የሚቀበር ገመድ ለመሬት መንቀጥቀጥ ድግግሞሽ በቂ ነው። ልባሱ ላይ ግን አይሰስቱ። በዚህ አገር መሬት ውስጥ ፍልፈልና ምስጥ አለ፤ ለፍልፈሉ የብረት ሽፋን፣ ለምስጡ በፕላስቲኩ ላይ የናይለን ልባስ ይጠይቁ። ብረት ያለው ገመድ ግን የመብረቅ ጉዳይ ያመጣል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሌላው ዕቃ ይህ ነው፦ 2 የመገጣጠሚያ ክሎዠር (መሸፈኛ ሳጥን)፣ 1 ኦዲኤፍ (የፋይበር ማከፋፈያ ሳጥን)፣ አረንጓዴ ጫፍ ያላቸው ኤፒሲ ፒግቴሎችና ፓች ኮርዶች (ማገናኛ ያላቸው አጫጭር ፋይበሮች)፣ 1 ኪ.ሜ የማስጀመሪያ ፋይበር፣ ስፕላይሲንግ ማሽን (ፋይበር አቅልጦ የሚያገጣጥም) እና ክሊቨር (ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ)፣ ኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ የፋይበሩን ርዝመትና ኪሳራ የሚለካ)፣ የጫፍ መመልከቻ ማይክሮስኮፕ፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 8 ኪሎ መዶሻ ከወፍራም ላሜራ ጋር፣ ጂፒኤስ፣ እና ቢያንስ አንድ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሳይስሞሜትር (የመሬት ንዝረት መለኪያ)። የመጨረሻው ቅንጦት እንዳይመስልዎት። ፋይበሩ የሚሰማው አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ጎኑ የሚያረጋግጥለት መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ቦዩና አፈሩ

የጣና ዙሪያ ሜዳ ብዙው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የካቲትና መጋቢት ላይ እጅዎን ክንድ ድረስ የሚያስገቡበት ስንጥቅ ያገኛሉ። በዚያ ስንጥቅ መሀል የሚያልፍ ገመድ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ ከመሬቱ ጋር አይንቀሳቀስም። በጥቅምት ጥሩ የነበረው ቻናል በመጋቢት ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ግን መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል።

ስለዚህ መረሬ ላይ ቦዩ ቢያንስ 1 ሜትር ይጥለቅ፤ በሌላ አፈር 80 ሴ.ሜ ይበቃል። ስፋቱ ከ30 እስከ 40 ሴ.ሜ። ቁፋሮውን ክረምቱ እንደወጣ፣ አፈሩ ገና እርጥበት እያለው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ይጨርሱ። ከታች ድንጋይ የሌለበት ደቃቅ አሸዋማ አፈር 10 ሴ.ሜ ያንጥፉና ገመዱን ሳይወጠር፣ ግን ሳይጠማዘዝ ያስተኙት። ከላይ ሌላ 10 ሴ.ሜ ከዚያው አፈር ጨምረው ውኃ ያርከፍክፉ፣ በእጅ መጠቅጠቂያ ይምቱ። ከዚያ የራሱን አፈር በየ20 ሴ.ሜ እየጨመሩ እያንዳንዱን ንብርብር ይጠቅጥቁ። አንድ ጊዜ ሞልተው በላዩ መኪና ማመላለስ መጠቅጠቅ አይባልም፤ ከላይ ይጠብቃል፣ ገመዱ አጠገብ ግን ባዶ ይቀራል። ከገመዱ 40 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይዘርጉ፤ ለመንገድና ለኮሪደር ሥራ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ከእርስዎ ገመድ በፊት ፕላስቲኩን ቢያገኝ ይሻላል።

በአንዳንድ ቦታ አፈሩ ስስ ነው፤ ጥቂት እንደቆፈሩ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይመጣል። ይህ ደስ የሚያሰኝ እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። 15 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው ጠባብ ቦይ ቆርጠው ገመዱን በቀጭን የሲሚንቶ ሞርታር ይቅበሩት። ከመስመሩ ሁሉ ጥርት ብሎ የሚሰማው ይህ ክፍል ይሆናል።

ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ለማሳለፍ የሚገደዱበት ቦታ፣ ለምሳሌ የአስፋልት ማቋረጫ ይኖራል። እዚያ ገመዱ ከመሬቱ ጋር ይላላል። ቱቦውን አጭር ያድርጉት፤ ከተቻለም ውስጡን በቤንቶናይት ወይም በስስ ሲሚንቶ ይሙሉት።

መታጠፊያ ላይ ገመዱ በቀጥታ አይሰበር። ሲጎተት ከውፍረቱ 20 እጥፍ፣ ከተቀበረ በኋላ 10 እጥፍ ያላነሰ ራዲየስ ይፈልጋል። 12 ሚ.ሜ ለሆነ ገመድ 24 እና 12 ሴ.ሜ ማለት ነው። በተግባር ግን በአንድ ሜትር ራዲየስ ያዙሩት፤ ቦታ አይጎድልም።

በየማንሆሉ በገመዱ ልባስ ላይ የታተመውን የሜትር ቁጥር በደብተር ይጻፉ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከወራት በኋላ የተቆረጠ ቦታ ሲፈልጉ ያድንዎታል።

መገጣጠም፣ ጫፉና ፍተሻው

እያንዳንዱ ስፕላይስ (የፋይበር መገጣጠሚያ) ከ0.05 ዲቢ (የብርሃን ኪሳራ መለኪያ) በላይ ቢያሳይ ቆርጠው ይድገሙት። መገጣጠሚያው ላይ ከሁለቱም ገመድ 15 ሜትር 15 ሜትር ትርፍ ይተዉ። ይህ 30 ሜትር ጥቅል በ5 ሜትር የቻናል ርቀት 6 ቻናል ይሆናል፤ ስድስቱም አንድ ማንሆል ውስጥ ተጠቅልለው ስለሚቀመጡ ቁጥራቸውን ይዘው ከትንተናው ያስወጧቸው።

ማገናኛዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ኤፒሲ ይሁኑ። የኤፒሲ ጫፍ በ8 ዲግሪ አዘንብሎ የተሞረደ ስለሆነ ብርሃንን ወደ መጣበት አይመልስም። ቀጥ ያለ ጫፍ ያለውን ሰማያዊ ዩፒሲን ከአረንጓዴው ጋር ማጋጠም ጫፉን ያበላሻል፤ ኃይለኛ ነጸብራቅም ይፈጥራል። ያ ነጸብራቅ የመቀበያውን ዓይን ያሳውረዋል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ብዙ ቻናሎችም አብረው ይጠፋሉ። ከመሰካት በፊት ሁልጊዜ በአልኮል ይጥረጉና በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ። ከበጋው የባሕር ዳር አቧራ አንድ ቅንጣት ብርሃን የሚያልፍበትን የፋይበሩን መሀል ለመሸፈን ይበቃል፤ ይህ መሀል ከ9 ማይክሮሜትር አይበልጥም። ብርሃኑ በዓይን የማይታይ ስለሆነ ሌዘሩ እየበራ ወደ ፋይበር ጫፍ አይመልከቱ።

የመስመሩ የሩቅ ጫፍ የሚረሳ ቦታ ነው። ቀጥ ብሎ ተቆርጦ የቀረ ፋይበር እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ጂ.652ዲ ከሆነ 5 ሚ.ሜ በሚሆን እርሳስ ላይ አምስት ስድስት ዙር ጠቅልለው በቴፕ ያጣብቁት፤ ብርሃኑ እዚያ ፈስሶ ይጠፋል። ለመታጠፍ የማይበገሩት የጂ.657 ፋይበሮች ግን በዚህ አያፈሱም፤ ለእነሱ የኤፒሲ ማቆሚያ ይጠቀሙ።

ከዚያ በኦቲዲአር ይፈትሹ፤ በ1310ም በ1550ም፣ ከሁለቱም ጫፍ፣ የ1 ኪ.ሜ ማስጀመሪያውን አስቀድመው። በ1310 ንጹሕ ሆኖ በ1550 ላይ ድንገት የሚወርድ ነጥብ ካዩ ገመዱ እዚያ ታጥፏል ወይም ድንጋይ ተጭኖታል። የሚጠበቀው ድምር ለ12 ኪ.ሜ 2.4 ዲቢ፣ ለሦስት ስፕላይስ 0.15፣ ለማገናኛ 0.3፣ በድምሩ 2.85 ዲቢ ነው። ከ3.5 ካለፈ ሳጥኑን ከመሰካትዎ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ። ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል።

የሳጥኑ ክፍል

ኢንተሮጌተሩ ራሱ ንዝረት ይሰማል። ጄኔሬተር፣ ኤሲ ወይም ፓምፕ በአጠገቡ ካለ በሁሉም ቻናል ላይ በአንድ ቅጽበት የሚታይ ድምፅ ይገባል። መሬት ላይ በተተከለ ሬክ ውስጥ፣ ከሥሩ ወፍራም ፎም አድርገው ያስቀምጡት። ከሳጥኑ ቀጥሎ 200 ሜትር ያህል የተጠቀለለ ፋይበር በፎም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ መሣሪያው በራሱ ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግርዎታል።

ሳጥኑና ኮምፒውተሩ በድምሩ 400 ዋት ይወስዳሉ ብለን ብንይዝ፣ ለ8 ሰዓት የመብራት መጥፋት 3.2 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የኢንቨርተሩንና የባትሪውን ኪሳራ ሲጨምሩ የ48 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ይበቃል። ዩፒኤሱ ኦንላይን የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሲል የሚቀያየረው ርካሹ ዓይነት ሳጥኑን ያስነሣዋል፣ በየመነሣቱም ምዝገባ ይቋረጣል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ማራገቢያም እንደ ቆላ አያበርድም። በሚያዝያ ሙቀት ክፍሉ ጥላና አየር ይፈልጋል።

አሁን መብረቁ። ብርጭቆው ኤሌክትሪክ አይሸከምም፣ የገመዱ ብረት ግን ይሸከማል። ብረቱን ከሕንፃው ውጭ፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ቀደም ብለው ይቁረጡት፤ የመስመሩን ብረት ጫፍ በወፍራም መዳብ ከኧርዝ ዘንግ ጋር ያስሩ። ወደ ውስጥ የሚገባው ብረት የሌለው ክፍል ብቻ ይሁን። በክረምት የጣና ሰማይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይህን እርምጃ አይዘልም።

መቼት

የመለኪያ ርዝመት 10 ሜትር፣ የቻናል ርቀት 5 ሜትር፣ በሴኮንድ 2,000 የብርሃን ምት። ብርሃን ለ12 ኪ.ሜ ደርሶ መልስ 118 ማይክሮሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከፍተኛው ገደብ 8,500 ምት ገደማ ነው፣ 2,000 በደህና ይገባል። ምቱን ዝቅ አድርጎ ዲስክ ለመቆጠብ መሞከር ስህተት ነው። ጠንካራ ንዝረት ሲመጣ በሁለት ምት መካከል ፌዙ ከግማሽ ዙር በላይ ይዘላል፤ አንዴ ከዘለለ ደግሞ ትክክለኛውን ዋጋ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ምቱን ከፍ አድርገው በፊልተር አሳልፈው በሴኮንድ 200 ናሙና ያስቀምጡ።

2,400 ቻናል በ200 ናሙና በ4 ባይት በቀን 166 ጊጋባይት ይሆናል። 4 ቴራባይት ዲስክ 24 ቀን ይይዛል። በኢንተርኔት ለመላክ ሳይቋረጥ ከ15 ሜጋቢት በላይ ስለሚጠይቅ ሙሉውን እዚያው ያከማቹ፣ የተመረጡ ደቂቃዎችን ብቻ ይላኩ።

የመለኪያ ርዝመቱን በተመለከተ ጣና ዳር የተለየ ወጥመድ አለ። በለስላሳው ደለልና ጭቃ ውስጥ በመሬት ገጽ ላይ የሚጓዘው ሞገድ በሴኮንድ 100 ሜትር ብቻ ሊሄድ ይችላል። በ10 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 10 ሜትር ይሆናል፤ ከመለኪያ ርዝመትዎ ጋር እኩል ሲሆን መለጠጡና መጨመቁ ይጠፋፋሉ፣ ንባቡ ዜሮ ይሆናል። ጭቃማው ክፍል በከፍተኛ ድግግሞሽ ዝም ካለ መጀመሪያ ይህን ያስቡ፤ በ5 ሜትር ደግመው ይሞክሩ።

እያንዳንዱ ቻናል የት ነው?

ኦቲዲአር 10 ኪ.ሜ ሲል ምድር ላይ 10 ኪ.ሜ አይደለም። ፋይበሩ በቱቦው ውስጥ ተጠማዝዞ ስለሚገባ ከገመዱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይረዝማል። በ10 ኪ.ሜ ላይ ይህ ከ100 እስከ 200 ሜትር፣ ማለትም ከ20 እስከ 40 ቻናል ስህተት ነው። ጥቅሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣል። በዚህ ስህተት የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻ ማስላት ከንቱ ድካም ነው።

መፍትሔው መዶሻው ነው። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ መስመሩ ላይ፣ አንዱ ስክሪኑ ፊት። በየ100 ሜትሩ፣ በማንሆልና በመታጠፊያ ግራና ቀኝ ደግሞ በየ20 ሜትሩ፣ ላሜራውን ከገመዱ በላይ አስቀምጠው በ5 ሴኮንድ ልዩነት አምስት ጊዜ ይምቱ። ጂፒኤሱን ያንብቡ፣ ሰዓቱን ይጻፉ፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ስክሪኑ ላይ ምቱ እንደ ተገለበጠ «ቪ» ሆኖ ይወጣል፤ ሹሉ ጫፍ ያረፈበት ቻናል የቆሙበት ቦታ ነው። በሁለት የመዶሻ ቦታዎች መካከል ያሉትን ቻናሎች በእኩል ያከፋፍሉ። ሥራውን በሌሊት ወይም ማለዳ ባጃጅ ሳይበዛ ያከናውኑት።

ሰዓት ላይ እጅግ ይጠንቀቁ። መሣሪያው በዓለም አቀፍ ሰዓት ይጽፋል፣ ሠራተኛው ደግሞ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። 4 ሰዓት በመሣሪያው 07:00 ነው፤ በቀን ሰዓት ላይ 3፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8:59 ባለው ላይ 15 ይደምሩ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወዲያ ደግሞ 9 ይቀንሱ። የተሻለው ግን ደብተሩም ስልኩም ከመጀመሪያው በዓለም አቀፍ ሰዓትና በፈረንጆች ቀን እንዲሆን መስማማት ነው። የጂፒኤስ አንቴናውን ጣራ ላይ፣ ሰማይ በሚታይበት ይትከሉ፤ አንቴናው ሳተላይት ማግኘቱን የሚያሳየው መብራት ሳይበራ ምዝገባ አይጀምሩ።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው

ርቀቱ ወደ ጎን፣ ሰዓቱ ወደ ታች ሲሄድ በሚያሳየው ሥዕል ላይ ባጃጅ ያጋደለ ቀጭን መስመር ይሆናል። በሰዓት 30 ኪ.ሜ የሚሄድ ባጃጅ 100 ቻናል ለማቋረጥ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ግን በሴኮንድ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚያቋርጥ መላውን መስመር በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይነካል፤ ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋ ቀጥ ያለ ሰረዝ ይመስላል። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ደንቡን በአንድ ቻናል ላይ አያቁሙ። የንዝረቱ ጥንካሬ የ1 ሴኮንድ አማካይ ከ30 ሴኮንድ አማካይ 4 እጥፍ ሲያልፍ፣ ቢያንስ በ50 ተከታታይ ቻናል፣ ከ2 ኪ.ሜ በሴኮንድ በላይ በሆነ ፍጥነት የሚል መነሻ ይያዙና ከአካባቢው ጋር እያስተካከሉ ይሂዱ።

በአንድ ቦታ ብቻ 24 ኸርዝ አካባቢ ሳያቋርጥ የሚታይ መስመር የወፍጮ ቤት ሞተር ነው፤ በበጋ ሐይቁ ዳር የሚሰማው ጩኸት የመስኖ ፓምፕ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ከ1 ኸርዝ ከፍና ዝቅ ብሎ የሚመጣው ውዝዋዜ የሐይቁ ማዕበል ነው። ሁሉም ቻናል ላይ በአንድ ቅጽበት የሚታየውን የሳጥኑን ድምፅ በየቅጽበቱ የቻናሎቹን መካከለኛ ዋጋ በመቀነስ ያስወግዳሉ። ነገር ግን ከሩቅ መጥቶ መስመሩን በአንድ ጊዜ የሚመታ ሞገድም አብሮ ይሰረዛል፤ ጥሬውን ምዝገባ ሳይነኩ ያስቀምጡ። አንዳንድ ቻናሎች ያለ ምክንያት የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ። ይህ ከፋይበሩ የተመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ ሲጠፋፋ የሚፈጠር እንጂ ስብራት አይደለም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር አማካይ ይውሰዱ ወይም ይለፏቸው።

ትክክለኛው ፈተና ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መጠኑ 5 ያለፈ ሲመጣ ነው። ፒ ሞገዱ ባሕር ዳር የሚደርሰው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ኤስ ሞገድ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ጎኑ ያስቀመጡት ሳይስሞሜትርና ፋይበሩ አንድ ዓይነት መድረሻ ካሳዩ መስመሩ ሠርቷል። የንዝረቱን መጠን ለማወዳደር ስትሬኑን (የመለጠጡን መጠን) ሞገዱ በገመዱ ላይ ሲያልፍ በሚታየው ፍጥነት ያባዙ፤ 100 ናኖስትሬን በ2,000 ሜትር በሴኮንድ ሲባዛ 0.2 ሚ.ሜ በሴኮንድ ይሆናል።

በየዓመቱ ጥቅምትና መጋቢት ላይ ኦቲዲአሩን ይድገሙ፣ አሥር በሚሆኑ ነጥቦች ላይም መዶሻውን ይዘው ይውጡ። በጥቅምት የሰማ በመጋቢት የማይሰማ ቻናል ካገኙ ወደዚያ ቦታ ሄደው መሬቱን ይመልከቱ፤ ስንጥቁ ከታየ በደቃቅ አሸዋ ሞልተው ውኃ ያርከፍክፉበት፣ ቀጣዩ ቁፋሮ ላይም ያንን ክፍል 30 ሴ.ሜ ጨምረው ያጥልቁት።